በትክክለኛው የፊደል መጠን የቀረበ ይቅርታ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በጽሑፍ እንዳቀርብ የታዘዝኩትን ይቅርታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ወገብዎም፣ ጉልበትዎም፣ የደም ግፊትዎም ደህና እንደሚሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ስለ ዓይንዎ ግን ባለፈው ጊዜ ጠይቄ ያገኘሁትን መልስ ስለማልረሳ አፌን ይዣለሁ።

በዚህ ሳምንት መጀመሪያ የደረሰኝ ማስጠንቀቂያ፣ በቅጥር ኮሚቴው ፊት ስላደረስኩብዎ «ከባድ የክብር መነካት» በግልጽ ደብዳቤ ይቅርታ ጠይቄ ደብዳቤውን በዋናው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንድለጥፍ፣ ይህን ባላደርግ ግን የሙከራ ጊዜዬ ሳያልቅ እንደምሰናበት ይገልጻል። ትእዛዝ አክባሪ ሠራተኛ ነኝና ይኸው ጻፍኩ፤ ይኸው ለጠፍኩ። ሆኖም በሰሌዳው ፊት የሚያልፈው ሰው ሁሉ፣ ካርድ ሊያወጣ የተሰለፈው በሽተኛም ሆነ ደግፎ ያመጣው ዘመዱ፣ ይቅርታ የሚጠየቅበትን ጥፋት ካላወቀ ይቅርታዬ ጎዶሎ ይሆናል ብዬ ስለሠጋሁ፣ ነገሩን ከሥሩ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ።

እኔ በዚህ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያገለገልኩ ነርስ ነኝ። የእናቴ የዓይን ብርሃን እየደከመ ሄዶ ጨርሶ ሲጠፋ፣ ከእኔ ሌላ ልጅ ስላልነበራት ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄ እስከ ዕለተ ሞቷ አስታመምኳት። እሷን ከቀበርኩ በኋላ ደግሞ የቀዶ ሕክምና ነርስ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ክፍሉ ሰው አጥቶ ቀጠሮ የሚሰረዝበት፣ በሽተኛ ሆዱን ባዶ አድርጎ ከመጣ በኋላ «ሌላ ቀን ና» ተብሎ የሚመለስበት ጊዜ ነበር፤ የድሮ ባልደረቦቼም በየመንገዱ እየያዙኝ «ሲስተር፣ መቼ ነው የምትገቢልን?» ይሉኝ ነበር። እኔም ሲቪዬን አስጽፌ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

1ኛ፤ ሲቪዬን በአሥራ ሁለት ፎንት ማቅረቤ የመጀመሪያው ድፍረቴ ነበር። እርስዎ ወረቀቱን ተቀብለው በመጀመሪያ ክንድዎን ዘርግተው ከሩቅ፣ ቀጥሎ ወደ አፍንጫዎ አስጠግተው፣ በመጨረሻም ወንበርዎን አዙረው በመስኮቱ ብርሃን ከተመለከቱት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉትና «አንቺ፣ ፊደሉ አነሰ እኮ። እንዲህ ያለ ሲቪ አንባቢን አያከብርም። በአሥራ አራት አስጽፈሽ ነይ» አሉኝ። እኔ እርስዎን «አንቱ» እያልኩ፣ እርስዎ እኔን «አንቺ» እያሉ ስለ አክብሮት ያስተማሩኝን ይህን ትምህርት መቼም አልረሳውም፤ ከልብ አመሰግናለሁ።

2ኛ፤ በታዘዝኩት መሠረት በአሥራ አራት አስጽፌ መመለሴ ደግሞ የባሰ ሆኖ ተገኘ። ፊደል ሲተልቅ ቦታ እንደሚፈልግ፣ ብዙ ዓመት የሠራ ሰውም ብዙ የሚጻፍ ነገር እንደሚኖረው ቀድሜ አስቤ፣ ገና በወጣትነቴ ሥራ ባለመጀመር መጠንቀቅ ነበረብኝ። ወረቀቱን ሲቀበሉኝ ሊያዩት እንኳን ቀና አላሉም፤ በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ መካከል አሸት አሸት አደረጉትና ሁለት ቅጠል መሆኑን ሲደርሱበት ፊትዎ በራ። «ከአንድ ገጽ በላይ አንቀበልም፤ ደንብ ነው» አሉኝ። አሥራ አራት ያሉኝ እርስዎ ራስዎ መሆንዎን ባስታውስዎ፣ «አሥራ አራት አልኩ እንጂ ሁለት ገጽ አልኩ?» ብለው መለሱልኝ። ይህን የመሰለ መልስ ለመስጠት ምን ያህል ትምህርት እንደሚጠይቅ ስለማላውቅ ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

ከሆስፒታሉ በር ማዶ ያለችው የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ባለቤት ገና ከደረጃው ስወርድ አይታኝ ነበርና «አቶ አሥራ አራት መለሱሽ አይደል?» አለችኝ። እንዲህ ባለ ከፍተኛ የክብር ስም እንደሚጠሩ ሳላውቅ በመቆየቴ አፈርኩ። እሷ እንደምትለው፣ በእርስዎ በር የገባ አመልካች ሁሉ ወይ ፊደል አንሶበት ወይ ገጽ በዝቶበት ወደ እሷ ይመለሳል፤ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ስድስት ሁሉንም ሞክረውታል፤ ያለፈ ግን አላየችም። «ቆይ ግን፣ ሰውየው የሚፈልጉት መጠን ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ትክክለኛው የፊደል መጠን ስንት ነው?

3ኛ፤ ደረጃው ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ ያገኘኋትን ፋርማሲስት አባብዬ ታሪኳን መስማቴ ሦስተኛው ጥፋቴ ነው፤ ባልሰማ ኖሮ ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት ሳይጎድል ይኖር ነበር። ሴትየዋ እርስዎ ባሏት መሠረት ፊደሉን አተለቀች፤ እርስዎ ባሏት መሠረት ደግሞ ወደ አንድ ገጽ ለመመለስ ጽሑፉን ቆራረጠች። ምን ቆረጠች? በሕፃናት ክፍል መድኃኒት ስትቀምም የቆየችበትን ጊዜ በሙሉ። ከዚያ በኋላ እርስዎ ፊት ስትቀርብ፣ ጸሐፊዎ የቀረውን አንብባ ስትጨርስ፣ «የሕፃናት ክፍል ልምድ የላትም» ብለው አሰናበቷት። ራሱ አስቆርጦ ራሱ ጎደለ የሚል ቢሮ በዚህ ዓለም ብዙ እንደማይሆን አምናለሁ። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች የምታሳድገው ይህች ሴት ያን ዕለት «እኔ ነኝ ሞኟ፤ ከሁሉ ነገር ያንን አውጥቼ!» እያለች ራሷን ስትወቅስ እጇን ይዤ ነበር፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን ገና አልገባኝም ነበር።

4ኛ፤ የገባኝ በማግስቱ፣ ቢሮዎ በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ሳልፈልግ አየሁ። ጸሐፊዎ የደብዳቤ ክምር ይዛ ስትገባ፣ «እስቲ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢ፤ አነባበብሽ መሻሻሉን ልይ» አሏት። እሷም፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ከእርስዎ በፊት ብዙ ኃላፊ ያሳለፈች ሴት፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቆማ አነበበች። ከዚያ ጣቷን በወረቀቱ ግርጌ አስቀመጠችልዎ፤ እርስዎም ጣቷን ተከትለው ፈረሙ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ነገር እኔ ቤት ውስጥ አይቼዋለሁ። እናቴም ዓይኗ መድከም ሲጀምር እንዲሁ ነበር ያደረጋት። መድኃኒቷ ላይ ያለውን ጽሑፍ «አንቺ አንብቢልኝ፤ ድምፅሽ ደስ ይለኛል» ትለኝ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ በድምፁ እስክትለየው ድረስ ስሙን ሳትጠራ ታዋራው ነበር፤ አንድ ቀን የፈላ ውሃ እጇ ላይ እስክትደፋ ድረስ አንድም ሰው አላወቀባትም። ደብቃ የኖረችው ከዕውርነቱ ይልቅ ማፈሩን ነበር። ስለዚህ ያን ቀን በበሩ ክፍተት ያየሁዎት ጊዜ፣ እውነቴን ነው፣ አልሳቅኩብዎም። ልቤ ራራልዎ።

5ኛ፤ ይህ ርኅራኄ ነው እንግዲህ ከጥፋቶቼ ሁሉ የማይረሳኝ። ተራዬ ደርሶ ስገባ በሩን ዘጋሁና፣ ማንም እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጌታዬ፣ አይክፋዎትና ዓይንዎን ቢታዩ፤ እናቴም እንዲህ አድርጓት ነበር፤ ቶሎ ከተያዘ ብዙ ነገሩ ይስተካከላል» አልኩዎ። እርስዎ ግን ተነስተው የዘጋሁትን በር ከፈቱት። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «የእኔ ዓይን ከአንቺ ሲቪ ይልቅ ጤነኛ ነው! እናቴን አስታምማለሁ ብላ ሥራ ጥላ የሄደች ሰው መጥታ ጤና ልታስተምረኝ! ለመሆኑ እናትሽን አዳንሻት?» አሉኝ።

እናቴን አላዳንኳትም። ይህን ለማረጋገጥ ፈልገው ከሆነ መልሱ ይኸው ነው፤ በሰሌዳው ላይ ተጽፎልዎታል።

ያን ዕለት ወደ ቤቴ ሳልሄድ በቀጥታ ወደ ጽሑፍ ቤቷ ተሻገርኩ። በልቤ የነበረው ርኅራኄ ደረጃውን ስወርድ የት እንደወደቀ አላውቅም፤ ተመልሼም አልፈለግኩትም።

6ኛ፤ ማስጠንቀቂያው በቀጥታ የሚመለከተው ጥፋት ይህ ስለሆነ ረዘም ብል ይታገሡኝ። ሦስተኛውን ሲቪ ያስጻፍኩት በአንድ ገጽ፣ በንጹሕ ወረቀት ነው። ስሜን ከላይ በትልቁ አስቀመጥኩ፤ «የትምህርት ደረጃ»፣ «የሥራ ልምድ»፣ «ልዩ ችሎታ»፣ «ምስክሮች» የሚሉትን ርዕሶች ከሩቅም ቢሆን ቅርጻቸው እንዲለይ አድምቄ አሰለፍኳቸው። በየርዕሱ ሥር ግን፣ በአሥር ፎንት፣ ስለ እኔ አንድ ቃል አልነበረም። በትምህርት ደረጃ ሥር «የዚህ ቢሮ ኃላፊ ማንበብ ተምረዋል፤ ነገር ግን ፊደል ካልታያቸው ቆይቷል» ይላል። በሥራ ልምድ ሥር «ያላነበቡትን ሲቪ በፊደል መጠን እያሳበቡ ሲመልሱ ኖረዋል፤ በዚህም ምክንያት የቀዶ ሕክምናው ክፍል ነርስ፣ የመድኃኒት ክፍሉ ባለሙያ አጥቷል» ይላል። በልዩ ችሎታ ሥር «ወረቀት ይዞ ራስ መነቅነቅ፤ ገጽን በጣት መቁጠር፤ መነጽርን መፍራት» ይላል። በምስክሮች ሥር ደግሞ «ይህን ወረቀት በዚህ ሰዓት በእጃቸው የያዙት የኮሚቴው አባላት» ይላል።

ጸሐፊዎን እንዳይቆጧት፤ እሷ የታዘዘችውን ብቻ ነው ያደረገችው። ወረቀቱን ስሰጣት ቆማ አነበበችው፤ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ በኮሚቴው አባላት ልክ አባዝታ፣ ከትክክለኛው የሥራ ማኅደሬ ጋር በየአቃፊው አስገባችው። እርስዎም ወረቀቱን በጣትዎ አሽተው አንድ ቅጠል መሆኑን ሲያረጋግጡ፣ ከእኔ ጋር ተጨቃጭቀው ስለሰለቹ ይሁን፣ ወይም ያን ዕለት ኮሪደር ላይ ያሉኝ ነገር ለራስዎም ከብዶዎት ይሁን፣ «ይግባ» አሉ። ሁለተኛው ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ፤ በኋላ ግን ለቢሮ ጓደኛዎ «ኮሚቴው ፊት እጥላታለሁ» ማለትዎን ሰማሁ።

በኮሚቴው ዕለት በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ዋና ነርሷ፣ ዋናው ቀዶ ሐኪምና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ነበሩ፤ እኔ ከበሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ሁሉም አቃፊያቸውን ከፍተው ማንበብ ጀመሩ። የማኅበሩ ተወካይ ሳል ያዘው። ዋናው ቀዶ ሐኪም፣ በሥራ ላይ ሲስቁ ማንም አይቷቸው የማያውቅ ሰው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ወለወሉ። ዋና ነርሷ ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው፤ ከዚያ ወደ እርስዎ ዞሩ።

«አንብበውታል?» ብለው ጠየቁዎ።

እርስዎም ወረቀቱን ፊት ለፊትዎ ይዘው፣ «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር በመስመር ነው ያየሁት። በፊት ያመጣችው ነገር አይረባም ነበር፤ እኔ አስተካክዬ፣ ደጋግሜ መልሼ ነው እዚህ ያደረስኳት። ይሄ የኔ ሥራ ነው ማለት ይቻላል» አሉ።

«የሥራ ልምዱ ላይ በሰፈረውም ይስማማሉ?»

«ሙሉ በሙሉ።»

«ልዩ ችሎታውስ?»

«እሱን እንኳ እኔ ራሴ በዓይኔ ያየሁት ነው።»

በዚህን ጊዜ ሐኪሙ የወለወሉትን መነጽር በጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው ወደ እርስዎ ገፉልዎ። ማንም አልሳቀም። ያን መነጽር አንስተው ቢያደርጉት ኖሮ ነገሩ ሁሉ በዚያ ክፍል ውስጥ ያልቅ ነበር፤ ይህን አምላክ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እርስዎ ግን መነጽሩን በእጅዎ ጀርባ መልሰው ገፉትና ከጎንዎ ቃለ ጉባኤ የምትይዘውን ጸሐፊዎን፣ «ለኮሚቴው አንብቢላቸው። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» አሏት።

እሷም ተነስታ፣ እርስዎ በየጠዋቱ ባሠለጠኑት በዚያ ጥርት ባለ ድምፅ፣ አንድ ቃል ሳትዘልል አነበበችው።

ስትጨርስ እጅዎ ብዕር ፍለጋ ጠረጴዛውን ሲዳብስ አየሁ፤ ብዕሩ ከፊትዎ ነበር። እናቴ ማንኪያዋን የምትፈልገው እንዲሁ ነበርና ለአንዲት ቅጽበት ተነስቼ ላቀብልዎ ቃጣኝ። ከዚያ ደረጃው ሥር ተቀምጣ ራሷን የምትወቅሰው ሴት ትዝ አለችኝና ባለሁበት ተቀመጥኩ። ይቅርታ የምጠይቀው ለዚህ ነው ቢሉኝ፣ አይደለም፤ ብዕሩን ባለማቀበሌ እስከ ዛሬ ጥሩ እንቅልፍ እተኛለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል። ዋና ነርሷ ድሮ አብሬያቸው ስለሠራሁ እጄን ያውቁታል፤ ከማኅደሬ ውስጥ እውነተኛውን የሥራ ልምዴን አውጥተው አነበቡ፤ ኮሚቴው ተቀበለኝ። ፋርማሲስቷ ደግሞ የቆረጠችውን መልሳ ቀጥላ፣ በሁለት ገጽ አመልክታ፣ ዛሬ ከሕፃናት ክፍል መስኮት በስተኋላ መድኃኒት ታድላለች። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅም የፊደል መጠን ለቅጥር መመዘኛ እንዳይሆን አዘዋል። እርስዎ ወንበርዎ ላይ ነዎት፤ እኔም ሙከራ ላይ ነኝ። ይህን ደብዳቤ አንብበው በአንድ ፊርማ ሊያሰናብቱኝ እንደሚችሉ አልዘነጋሁም። ያን ጊዜ የስንብቱ ደብዳቤ ላይ የሚፈርሙበትን ቦታ ጸሐፊዎ በጣቷ ብታሳይዎ መልካም ነው፤ እሷ በሌለችበት የፈረሙት የአሁኑ ማስጠንቀቂያ፣ ፊርማው በስምዎ ላይ መሆኑ ቀርቶ «ግልባጭ» በሚለው ቃል ላይ ስላረፈ፣ ማን እንዳስጠነቀቀኝ ለማወቅ ተቸግሬ ነበር።

እንግዲህ ይቅርታ ጠይቂ ተብያለሁና እጠይቃለሁ። ፊደልዎ ስላነሰ፣ ገጽዎ ስለበዛ፣ ኮሪደርዎ በሰው ስለተሞላ ይቅርታ። በር ዘግቼ ስለነገርኩዎና በር ከፍተው ስለመለሱልኝ ይቅርታ። ስለ እናቴ ግን ይቅርታ የሚጠይቀው ሌላ ሰው ነው፤ ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተቀኝ ነው።

ቀሪው ዘመንዎ የሚያነቡት ሁሉ የሚታይዎ፣ የሚፈርሙበትም ሁሉ የሚገባዎ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በታዘዝኩት ልክ ዝቅ ብዬ፣ ከታዘዝኩት በላይ ቀና ብዬ እሰናበታለሁ።

የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፣ እስከ አሁን በሙከራ ላይ

ግልባጭ፦
ለዋና ነርስ
ለሠራተኛ ማኅበር
በሰሌዳው ፊት ለሚያልፍ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ስለ ጤንነትዎ ከማንም በላይ ስለማስብ፣ የፊታችን ረቡዕ ጠዋት በምድር ቤቱ የዓይን ሕክምና ክፍል የመጀመሪያውን ተራ በስምዎ አስይዤልዎታለሁ። በሰሌዳው ፊት የቆሙ ብዙ ሰዎች እስከ በሩ ሊሸኙዎ ፈቃደኛ ሆነዋል። እዚያ አንድ ዓይንዎን በመዳፍዎ ከድነው ግድግዳው ላይ የተሰለፉ ፊደላትን እንዲያነቡ ይጠየቃሉ፤ የላይኛው መስመር ትልቅ ነው፣ እየወረዱ ሲሄዱ ግን ያንሳሉ። ባለሙያዋ ትሑትና ታጋሽ ሴት ናት፤ አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልንገርዎ፦ ፊደሉ አነሰ ብለው የቱንም ያህል ቢቆጡ፣ ግድግዳውን «በትልቁ አስጽፈህ ና» ብላ አትልክልዎትም።